የባሮ ወደብ፦ በአንቀጽ ተሰጥታ በአንቀጽ የተመለሰች ጋምቤላ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ወያላው «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ ይጣራል። ለተሳፋሪው ዊንጌት የሰፈር ስም ነው። ከሰፈሩ በፊት ግን የትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤቱም በፊት የአንድ እንግሊዛዊ መኮንን ስም ነበር። ኦርድ ዊንጌት የጌዴዎንን ጦር መርቶ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከተከሉት ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ጎጃምን አቋርጦ የመጣ ሰው ነው። ይህን ታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት ከኦሜድላ በስተደቡብ በባሮ ወንዝ በኩል ሌላ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። ወታደሮቹ ከቤልጂየም ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ነበሩ። የያዟት ከተማ ጋምቤላ ደግሞ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊትም ቢሆን በተለየ ሁኔታ የምትተዳደር ነበረች። የአገሪቱ የወንዝ ወደብ ብትሆንም ባንዲራው፣ ፖሊሱና አስተዳዳሪው የሱዳን መንግሥት ነበሩ። እንዴት እንዲህ ሆነ ለሚል አንባቢ መልሱ የሚጀምረው ከአንድ ውል ነው።

አራተኛው አንቀጽ

ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሐሪንግተን በግንቦት 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት ውል ዛሬ ሲነሳ በአብዛኛው የሚታወሰው ሦስተኛው አንቀጽ ነው። ኢትዮጵያ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ እንዳትሠራ የሚያስገድደው ቃል፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በሕዳሴ ግድብ ክርክር ላይ ሳይቀር ተጠቅሷል። አራተኛው አንቀጽ ግን ተረስቷል። በእሱ መሠረት ምኒልክ በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ከ400 ሔክታር የማይበልጥና በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር የማይረዝም መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ፈቅደዋል። ወንዙን ተከትሎ ሁለት ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ ወደ ውስጥ ደግሞ ያንኑ ያህል ጥልቀት ያለው ቦታ ማለት ነው።

በአንቀጹ ላይ ሁለት ማሰሪያዎች ነበሩ። አንደኛው ቦታው ለንግድ ብቻ እንጂ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ይከለክላል። ሁለተኛው የኪራዩን ዕድሜ ይወስናል፦ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ግዛት ይነቀላል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበርና ይህ ሁለተኛው ማሰሪያ ትርጉም ያለው አይመስልም ነበር።

ጣቢያው በመጨረሻ የተተከለው ከኢታንግ ከፍ ብሎ ጋምቤላ ላይ ነው። ወደቡና የጉምሩክ ኬላው እ.ኤ.አ. በ1907 ሥራ ጀመሩ።

በክረምት የሚከፈት ገበያ

ጋምቤላ ዓመቱን ሙሉ ወደብ አልነበረችም። በበጋ ባሮ ይጎድላል፣ አሸዋው ብቅ ይላል፣ መርከብም አይደርስም። ከሰኔ ጀምሮ በደጋው ላይ ዝናቡ ሲጠነክር ወንዙ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ነው የእንፋሎት መርከቦቹ ጭነት የሚይዙ ታንኳዎችን ከጎንና ከጎናቸው አስረው ከካርቱም የሚነሡት። መስመሩ 1,366 ኪሎ ሜትር ነበር። ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትለው ወደ ላይ ለመምጣት 11 ቀን፣ ወደ ታች ለመመለስ 7 ቀን ይፈጅባቸው ነበር። በወር ሁለት ጊዜ ያህል ይመላለሳሉ። ጥቅምት ላይ ውኃው መጉደል ሲጀምር ነጋዴው ዕቃውን ማስጫን አለበት፤ ካልቻለ ቡናው እስከሚመጣው ክረምት መጋዘን ውስጥ ያድራል።

የሚወጣው በዋናነት ቡና ነበር፤ ሰምና ቆዳም ይከተለዋል። የሚገባው ደግሞ ጨው፣ አቡጀዲ፣ ሌላም የፋብሪካ ዕቃ ነው። ከዳናክል በአሞሌ ተቆርጦ በአጋሰስ ደጋውን አቋርጦ ወለጋና ኢሉባቦር የሚደርሰው ጨው ዋጋው ከባድ ነበር። በመርከብ የመጣው የባሕር ጨው ይህን የምዕራቡን ገበያ በቀላሉ ተቀላቀለ።

የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች፣ እንዲሁም እንደ ጌላትሊ ሐንኪ ያለ የእንግሊዝ ኩባንያ እዚያው ቤት ከፈቱ። ጭነቱ ከጎሬ በቡሬ አድርጎ በገደሉ ይወርዳል። ቡሬ ድረስ ያለው ደጋ ለበቅሎ ይመቻል፤ ከዚያ በታች ያለው ቆላ ግን የቆላ ዝንብ የሚያመጣው የገንዲ በሽታ ከብቱን ይፈጀዋል። ስለዚህ ብዙው ጭነት በሰው ትከሻ ላይ ይወድቅ ነበር። ሰዎችም የሚገቡት በዚሁ በር ነው፤ አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ሐኪም ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ቤተሰቡን ይዞ ሳዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ የደረሰው ከሱዳን በጋምቤላ በኩል ነበር።

ከጅቡቲው ባቡር ቀጥሎ ኢትዮጵያ ከውጭው ዓለም ጋር የምትነግድበት ትልቁ በር ይህ ሆነ። ንግድ ብቻ ይሁን የተባለው ቦታ ግን ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ፣ ፖስታ ቤትና ዳኛ ነበረው። እንግሊዛዊው አስተዳዳሪ ሚዛን ላይ ያለውን ቡና ብቻ ሳይሆን ጎሬ ያለውን ሹም፣ የአኙዋክንና የኑዌርን ግጭት፣ የጠመንጃውን ንግድ ይከታተላል፤ የሰማውንም ለካርቱም ይጽፋል። የአኙዋክ አለቆች በዝሆን ጥርስ የገዙት ጠመንጃ የድንበሩን ሁሉ ሚዛን ለውጦት ነበርና። ወሰኑ ከ400 ሔክታሩ አልወጣም፤ ጆሮውና ዓይኑ ግን ከዚያ በጣም ይሻገር ነበር።

ጎሬ ዋና ከተማ ስትሆን

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ የኢትዮጵያ መንግሥት ጨርሶ አልጠፋም። ንጉሠ ነገሥቱ ከመሰደዳቸው በፊት በወሰኑት መሠረት ጊዜያዊው መንግሥት ጎሬ ላይ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መሪነት ተቋቋመ፤ በኋላም ልዑል ራስ እምሩ ደረሱ። ያን ክረምት ጎሬን ከውጭው ዓለም የሚያገናኛት ዋናው መንገድ ባሮ ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል ኤስሚ ኧርስኪን እዚያው ጎሬ ተቀምጦ ስለነበር፣ የጣሊያንንም የቀድሞውንም አስተዳደር ያልፈለጉ የወለጋ መኳንንት በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ለመሆን ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ያቀረቡት ጥያቄ በእሱ በኩል አለፈ። ለንድን አልተቀበለውም።

ሰኔ 1928 ዓ.ም. ላይ ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ የጥቁር አንበሳ አርበኞች አውሮፕላኖችን ሲያቃጥሉና የጣሊያን አየር ኃይል ጄኔራል ማሊዮኮን ሲገድሉ፣ ምዕራቡ እጁን እንዳልሰጠ ግልጽ ሆነ። ይሁን እንጂ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች፤ ታኅሣሥ ላይ ራስ እምሩ ጎጀብ አካባቢ እጃቸውን ሰጡ።

ከዚህ በኋላ ጋምቤላ ላይ ያልተለመደ ነገር ሆነ። ዙሪያውን ያለውን አገር ጣሊያን ከጅማ እያስተዳደረ፣ በኪራይ የተያዘው ቦታ ግን በሱዳን መንግሥት እጅ ቀረ። አዲሱ ገዥ ማርትሬዛ ብርን በሊሬ ለመተካት ይጥር ነበር። ገበሬው ግን ወረቀቱን አያምነውም፤ ብር ካልሆነ ቡናውን አላወጣም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1937 ትልቁ የሕንድ ኩባንያ መሐመድ አሊ ከአገር ተባረረ፤ ንግዱ ሁሉ በጣሊያን ድርጅቶች እጅ እንዲገባ ተፈለገ። ለዓመታት በጋምቤላ በኩል ሲወርድ የኖረው ቡና ባለቤቱ ተቀየረ፤ ገበያውም ቀዘቀዘ።

ወንዙ እስኪሞላ

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ሲያውጅ የኪራይ ውል ዋጋ አጣ። ጣሊያኖች ጣቢያውን ያዙ፤ እንግሊዞች ወደ ሱዳን ወረዱ። በረግረጉ ውስጥ ግን የጦርነቱ መልክ ሌላ ነበር። ስለ ኑዌርና ስለ አኙዋክ በጻፋቸው ጥናቶች የሚታወቀው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች ዳር ጥቂት የታጠቁ አኙዋኮችን ይዞ የጣሊያንን ጭፍሮች ያስጨንቅ ጀመር። ሣሩ ከሰው ቁመት በሚበልጥበት አገር መንገዱን የሚያውቀው አኙዋክ ነበር፤ ፕሮፌሰሩ የሚከተለው እነሱን ነው።

ትልቁ ጦር የመጣው ከኮንጎ ነው። ቤልጂየም ራሷ በጀርመን ተይዛ መንግሥቷ ለንድን ተሰዶ ሳለ፣ ቅኝ ግዛቷ ወታደር ማዝመት ትችል ነበር። የኮንጎ ወታደሮች በወንዝ፣ በመኪናና በእግር ሱዳንን አቋርጠው መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን፣ መጋቢት 14 ቀን ደግሞ ከእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ጋር ሆነው ጋምቤላን ያዙ።

ከዚያ ያሰቡት ዳገቱን ወጥቶ ሳዮን መያዝ ነበር። እዚያ ላይ ግን ከጣሊያን ይልቅ ወንዙ አገዳቸው። መጋቢት ባሮ የሚጎድልበት ወር ነው፤ ስንቅና ጥይት የሚያመጣ መርከብ የለም። ቦርታይ ጅረት ዳር ከላያቸው የሚተኩስ ጠላት፣ ከኋላቸው ባዶ ወንዝ ነበር። ረሃብና ተቅማጥ እንደ ጥይት ጎዷቸው። ነጋዴው ድሮ ክረምትን በመጋዘን እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ ሠራዊቱም ዝናቡን በምሽግ ጠበቀ። ሰኔ ሲገባ ውኃው ሞላ፣ ጀልባዎች መጡ፣ ጄኔራል ኦጉስት ጂሊያርትም ተጨማሪ ወታደር ይዞ ደረሰ። በምሥራቅ በኩል ጣሊያኖቹን የእንግሊዝ ጦርና አርበኞች አጣበቋቸው። በሰኔ 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ጄኔራል ፒዬትሮ ጋዜራ ከሌሎች ጄኔራሎችና ከሺዎች ወታደሮች ጋር ሳዮ ላይ እጁን ሰጠ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከገቡ ሁለት ወር ሊሞላ ነበር።

ያለ ጥይት የተመለሰችው

ድሉ ጋምቤላን ወዲያው ለኢትዮጵያ አልመለሳትም። ሱዳን ኪራዩን ቀጠለች፤ መርከቡም፣ ቡናውም፣ እንግሊዛዊው አስተዳዳሪም ተመለሱ። ነጻ በወጣች አገር ውስጥ ያ ቦታ በሌላ መንግሥት አስተዳደር ሥር ሆኖ ቀረ።

የለወጠው ጦር አልነበረም። ታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻነቷን አወጀች። የእንግሊዝና የግብፅ አስተዳደር ስላበቃ የምኒልክ ውል ሁለተኛ ማሰሪያ ጊዜው ደረሰ፤ ኪራዩም አበቃ። ጣሊያን በኃይል የወሰደውን፣ ኮንጎዎችና እንግሊዞች በደም ያስለቀቁትን ቦታ ኢትዮጵያ አንድ ጥይት ሳትተኩስ ተረከበች።

ስለዚህ የ1894ቱ ውል ሁለት ትምህርት አለው። ማብቂያ ያልተጻፈለት ሦስተኛው አንቀጽ ኢትዮጵያን በገዛ ውኃዋ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክራት ኖሯል፤ «እስካለች ድረስ» የሚል ቃል የገባበት አራተኛው አንቀጽ ደግሞ መሬቷን መልሶላታል። ዛሬ ስለ ወደብና ስለ ኪራይ የሚከራከር ሁሉ ከዋጋውና ከዓመቱ ብዛት በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ይህ ውል የሚያበቃው መቼና በምን ነው?