ለዘር የሚሸጥ ኮርማ፤ ከመኖ እስከ ውል

በኮልፌ ቀራኒዮ በግቢያቸው ጥቂት የፈረንጅ ላሞች የሚያረቡ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። በዚያች ሰዓት አዳቃይ ቴክኒሺያን ካልደረሰ ያለው አማራጭ የጎረቤት ኮርማ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቃሊቲ ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ይህን ፍላጎት ፈጽሞ ሊያስቀረው አልቻለም። ኮርማ አሳድጎ የሚሸጠውም ገበያ የሚያገኘው በዚሁ ክፍተት ነው።

ችግሩ ኮርማን እንደ ፋሲካ ሰንጋ ማደለብ ነው። ደላላውም ስለ ሻኛው እንጂ ስለ እናቱ ወተት አያወራም። ስብ የበዛበት ኮርማ ግን እግሩ ይደክማል፣ ላም ላይ ለመውጣት ይሰንፋል። በቆለጡ ዙሪያ የሚከማቸው ስብም ሙቀት ጨምሮ ዘሩን ያበላሻል። 500 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ኮርማ በቀን 10 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ይበቃዋል፤ አብዛኛው ድርቆሽ፣ ጥቂቱ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ፣ ከጨውና ከንጹሕ ውኃ ጋር። በማደግ ላይ ላለ ወይፈን የፋጉሎው ድርሻ ከፍ ይላል። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ግን ጎሲፖል የሚባል መርዝ ስላለው ለዘር ኮርማ አይመከርም። የወንዴ ዘር ለመፈጠር ሁለት ወር ያህል ስለሚወስድ፣ ለገበያ ሳምንት ሲቀረው የሚጨመር መኖ ቆዳ ከማሳመር አያልፍም።

ገዢ በቅድሚያ ቆለጡን ይለካ፤ 15 ወር የሞላው ወይፈን ዙሪያው ከ30 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። የውርጃ በሽታና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሳይታይ ግን ገንዘብ አይቆጠርም። ከቤት ቤት የሚዞር ኮርማ በሽታ ያዞራል። በአንድ ሰፈር ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየም ከገዛ ልጆቹ ጋር መገናኘቱ አይቀርምና፣ ወደ ሌላ ሰፈር መሸጡ ለሁሉም ይበጃል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ገዢም ጉድለቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። የኮርማ ጉድለት ግን ዘግይቶ የሚታይ ነው። ልጁ ተወልዳ፣ አድጋ እስክትታለብ ከሦስት ዓመት በላይ ያልፋል። ያኔ ለሙግት የሚቀርበው «ምርጥ ዘር ነው ብሎኝ ነበር» የሚል ቃል ብቻ ከሆነ፣ ዳኛው ምን ይዞ ይፍረድ? (በነገራችን ላይ ኮርማው አምልጦ መንገደኛ ቢወጋ በአንቀጽ 2071 ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፤ «ሳላስበው አመለጠኝ» አያድነውም።) ስለዚህ ውሉ ላይ የትውልድ ቀኑ፣ የእናቱ የቀን ወተት በሊትር፣ የጆሮ ምልክቱ ቁጥርና ምርመራው የተደረገበት ቀን ይጻፍ። የዋጋው ከፊልም ያዳቀላቸው ላሞች ማርገዛቸው እስኪረጋገጥ በገዢው እጅ ይቆይ።