ምቱን ያፈጠነች ሽቦ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፣ የመርሳ ልጆች! ከውርጌሳ የመጣችሁም፣ ከሲሪንቃ የወረዳችሁም፣ ከወልድያ ለጉዳይ ብቅ ያላችሁም ኑ፤ ቦታ አለ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ሽቦ ነው። ርዝመቷ አንድ ሴንቲ አይሞላም፤ ውፍረቷ በቻርጀር ገመድ ውስጥ ካሉት የመዳብ ክሮች የአንዱ ያህል ነው። ይህች ሽቦ በ1.6 ጊጋኸርዝ እንዲሠራ ተብሎ የተሸጠን የላፕቶፕ ፕሮሰሰር 2.13 አስገብታዋለች። ስንት ተከፈለባት? ምንም።

ነገሩ እንዲገባን ፕሮሰሰር እንዴት እንደሚሠራ ከሥሩ እንያዘው። የወሎ ሰው መንዙማን ያውቃል። ድቤ መቺው ምቱን ይሰጣል፤ አጨብጫቢው በምቱ ላይ ይደርባል። ድቤው አንዴ ሲል ጭብጨባው አራቴ ከሆነ፣ ድቤው በፈጠነ ቁጥር ጭብጨባውም አብሮት ይፈጥናል፤ አንድ ለአራት መሆኑ ግን እንዳለ ነው። በላፕቶፑ ማዘርቦርድ ላይም አንዲት ድቤ መቺ ቺፕ አለች። ከኳርትዝ ክሪስታል ንዝረት ተነስታ ለቦርዱ ሁሉ ምት ታድላለች። ፕሮሰሰሩ ምቱን ተቀብሎ በራሱ ቁጥር ያባዛዋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ፔንቲየም ኤም 725 የሚቀበለው ምት 100 ሜጋኸርዝ ነው፤ በ16 ሲያባዛው 1.6 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ማባዣው ከ16 እንዳያልፍ ፋብሪካው ቆልፎታል። ድቤውን ግን ማን ቆለፈው?

በምት መጫወት የተጀመረው ከዚያ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1984 አይቢኤም ፒሲ ኤቲ የተባለውን ኮምፒውተር አወጣ። ውስጡ ያለው 80286 ፕሮሰሰር የሚሠራው በ6 ሜጋኸርዝ ነበር፤ የ12 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ምት ለሁለት እየተካፈለ። ክሪስታሉ ደግሞ በካውያ አልተበየደም፤ ሶኬት ላይ ነው የተሰካው። ሰዎች ይቺን አዩ። ነቅለው ባለ 16ቱን ሰኩበት፤ ማሽኑ 8 ገባ። የደፈሩት ባለ 18ቱን ሰክተው 9 አስገቡት። አይቢኤምም ዝም አላለም፤ በኋላ ባወጣቸው ማሽኖች ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ፍጥነት የሚመረምር ኮድ ጨመረ፤ ምቱ ከተፈቀደው ካለፈ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ተራው የእርሳስ ሆነ። ኤኤምዲ የዱሮንና የአትሎን ፕሮሰሰሮቹን ማባዣ የቆለፈው በገጻቸው ላይ የሚታዩ ጥቃቅን መስመሮችን በሌዘር በመቁረጥ ነበር። የእርሳስ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የተቆረጠውን መስመር በእርሳስ የቀባ ሰው ቁልፉን ከፈተ!

ላፕቶፕ ላይ መንገዱ ጠባብ ነበር። ባዮሱ የፍጥነት ማስተካከያ አያሳይም፤ ቦታው ጥብብ ያለ ነው፤ አየር የለም። ያኔ ሰዎች ሰነድ ማንበብ ያዙ፤ የፕሮሰሰሩ እያንዳንዱ እግር ምን እንደሚሠራ የሚዘረዝረውን የኢንቴልን የቴክኒክ ሰነድ። እዚያ ውስጥ ቢሴል የሚባሉ እግሮችን አገኙ። የእነዚህ እግሮች ሥራ ለድቤ መቺዋ ቺፕ በየትኛው ምት እንድትመታ መንገር ነው። የሚናገሩትም በቮልቴጅ ነው፤ ካለ አንድ፣ ከሌለ ዜሮ። ታዲያ መልእክቱን መንገድ ላይ መለወጥ ይቻላል ማለት ነው። ከዚህ ታሪክ ሁሉ እኔን የሚገዛኝ ይሄ ቦታ ነው። ምስጢር የሰረቀ የለም። አምራቹ ራሱ ያሳተመውን ወረቀት ቁጭ ብሎ፣ ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ያነበበ ሰው በሩን አገኘው።

እስቲ አሁን እጃቸውን እንይ። ባትሪው ይወጣል። የታች ክዳኑ ይፈታል። የመዳብ ቱቦ ያለው ማቀዝቀዣ ይነሳል፤ ከሥሩ ፕሮሰሰሩ ብቅ ይላል። ሶኬቱ ላይ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚቀበል ብሎን አለ፤ እሱ ሲዞር ሶኬቱ ይለቃል፣ ፕሮሰሰሩ ቀጥ ብሎ ይነሳል። አሁን ወደ 480 የሚጠጉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በረድፍ በረድፍ ፊት ለፊት ተዘርግተዋል። ረድፉ በፊደል፣ ዓምዱ በቁጥር ይቆጠራል፤ ከማዕዘኑ ተነስቶ አንዴ፣ ከዚያ እንደገና። ከገመድ የተመዘዘችው ክር በወረንጦ ታጥፋ የተገለበጠ "ሀ" ትሆናለች። ሁለቱ እግሮቿ ሰነዱ በጠቆማቸው ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ ይወርዳሉ፤ የቢሴሉን መልእክት የምትለውጠው እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ ከላይዋ ይመለሳል፤ ብሎኑ ይጠብቃል። ከዚያ ማብሪያው ይጫናል።

ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ትንፋሽ የሚያዝባት ቅጽበት ይህች ናት። ቦርዱ አዲሱን ምት የሚያውቅ ከሆነ፣ ሜሞሪውም ከተከተለ፣ የአምራቹ አርማ ይወጣል፤ 133 በ16 ሲባዛ 2.13 ጊጋኸርዝ ይላል። ካልወጣ ሽቦዋ ትነቀላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ቀዳዳው ከተሳሳተና ሽቦዋ ከኃይል መስመር ጋር ከተገናኘች ግን ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። ሁለቴ የሚቆጠረውም ለዚህ ነው።

ከፔንቲየም ኤም በኋላ ኮር 2 ዱዎ መጣ፤ ዘዴውም አብሮ ተሻገረ። ቲ5450 የተባለው የ166ን ምት በ10 አባዝቶ 1.66 ይሠራል። አንዷ የቢሴል እግሩ ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልቴጅ) ጋር ስትገናኝ ምቱ 200፣ ፍጥነቱ 2 ጊጋኸርዝ ሙሉ ሆነ። አንዳንድ ሴሌሮን ኤም ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እግሩን ማገናኘት ሳይሆን በማያስተላልፍ ነገር ሸፍኖ ዝም ማሰኘት።

ከዚህ ወዲያ በሮቹ ተራ በተራ ተዘጉ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢንቴል ድቤ መቺዋን ቺፕሴቱ ውስጥ አስገባት፤ ምቱ የዲስኩንም የሌላውንም መስመር አብሮ የሚመራ ሆነ፤ ጥቂት ፐርሰንት ሲገፋ ሌላው ሁሉ ይሰናከላል። ትንሽ ቆይቶ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ከሶኬት ወጥቶ ቦርዱ ላይ ተበየደ። የሚነሳ ነገር የለም፣ ቀዳዳም የለም። ዛሬ ካውያ የያዘ ሰው የሚሄደው ወደ ሌላ ቦታ ነው፤ ቦርዱ የሚፈሰውን ኃይል የሚለካባት ትንሽ ሬዚስተር ላይ ሌላ እኩያዋን ይደርብባታል። ሁለት እኩል ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ ልኬቱ በግማሽ ይወርዳልና ቦርዱ ከእውነተኛው ግማሹን ኃይል ብቻ ያያል፤ የኃይል ገደቡንም ያልፋል። እኔ ይህን ለማንም አልመክርም። ገደቡ የተቀመጠው የኃይል መስመሮቹ የሚችሉት ታስቦ ነው፤ ቦርዱ የተዋሸው ደግሞ ስለዚያው ልክ ነው።

ምት ሲፈጥን ሙቀት ይከተላል። ቮልቴጁ ሳይነካ ፍጥነት 33 ፐርሰንት ሲጨምር ፕሮሰሰሩ ለሥራው የሚበላው ኃይልም በዚያው ልክ ገደማ ይጨምራል። ቮልቴጁን 10 ፐርሰንት ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ደግሞ ቮልቴጅ በራሱ ተባዝቶ ስለሚቆጠር ጭማሪው 61 ፐርሰንት ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ከባትሪም ይቀነሳል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ሰሜን ወሎ ያለ መብራት ሲቆይ የባትሪ አንዲት ሰዓት ምን እንደነበረች የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ዛሬ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ የመርሳ ልጅ ስምንተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ እንበል 8250ዩ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ነው። መነሻ ፍጥነቱ 1.6 ጊጋኸርዝ፣ ማንም ሳይነካው በራሱ ሊወጣ የሚችለው ግን 3.4 ነው። አያችሁ? በሽቦ ይለመን የነበረውን ዛሬ ፋብሪካው ራሱ ሰጥቶታል፤ ሙቀቱና ኃይሉ እስከፈቀዱ ድረስ ነው ታዲያ። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ምቱን ያወርዳል።

እዚህ ላይ ነው ሞቃት ቦታ ላይ መሆናችን የሚቆጠረው። ማቀዝቀዣ የሚሠራው በቺፑና በአየሩ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው። ደሴ ላይ አየሩ 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 80 ነው። መርሳ ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ቆርቆሮ ሥር 35 ቢሆን ልዩነቱ 65 ይሆናል። ያው ማሽን፣ ያው ፋን፣ የሚያስወጣው ሙቀት ግን አንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። በዚያ ላይ አቧራው አለ። በፋኑና በማቀዝቀዣው ቀጫጭን ክንፎች መካከል እየተነባበረ አየሩን ይዘጋዋል። በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ተርማል ፔስትም ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በጥር የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ልጅ ሬንደር ሰጥቶ ሌሊቱን ሲጠብቅ ማሽኔ ደካማ ነው ብሎ ሊሸጠው ያስባል። ማሽኑ ደካማ ሳይሆን ታፍኖ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ደህና ማሽን በርካሽ ሲሸጥ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የጥገና ቤት ልጆች፣ እንዲህ አድርጉ። ከመክፈታችሁ በፊት ማሽኑን የሰርግ ቪዲዮ ሬንደር ሰጥታችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩትና ፍጥነቱን ጻፉ። ባትሪውን ከቦርዱ ንቀሉ። ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፤ አየር ሲነፋበት እንዳይሽከረከር። የአቧራውን ንብብር በብሩሽ አውጡት። የደረቀውን ፔስት በአልኮል ጥረጉና የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት አኑሩ፤ ብሎኖቹን በሰያፍ፣ በየተራ አጥብቁ። ጋሊየም ያለበትን ፈሳሽ ብረት አሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ላይ አታድርጉ፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ ቦርዱ ላይ ከፈሰሰም ሾርት ያደርጋል። ቻርጀሩንም ተመልከቱ፤ አንዳንድ ማሽኖች የቻርጀሩን ማንነት ካላወቁ ሆን ብለው ፕሮሰሰሩን ያዘገያሉ፤ የፔስቱ ሥራ ሁሉ ከንቱ ይመስላል።

ከዚያ ያንኑ የሰርግ ቪዲዮ ሬንደር ስጡት፣ ታስክ ማናጀር ክፈቱ፣ የሲፒዩውን ፍጥነት እዩ። የመጀመሪያው ደቂቃ አያሳምናችሁ፤ ማንኛውም ማሽን ገና ሲጀምር ይወጣል። ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ሙቀቱ ከተረጋጋ በኋላ የሚቆምበትን ቁጥር ከመጽዳቱ በፊት ከነበረው አጠገብ ጻፉት፤ ባለቤቱ ሲመጣ ሁለቱንም አሳዩት።