ኮምፒውተሩ «ግራፊክ» ሲል

ባለፈው ክረምት ጎንደር ላይ ከአንድ ጓደኛዬ ጎን ቁጭ ብዬ ላፕቶፑ ሲያነብለት አዳመጥኩ። የደባርቅ ልጅ ነው፤ ዓይነ ስውር። የሥራ ማስታወቂያ እየፈለገ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወውና፣ ድረ ገጹ ሲከፈት ኮምፒውተሩ «ግራፊክ» አለና ጸጥ አለ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶ ተነሥቶ ተለጥፏል፤ ለእኔ ሙሉ ገጽ፣ ለእሱ አንድ ቃል። «አስተያየት ይስጡ» የሚለውን ተጫነ። ቅሬታውን ጽፎ ሲጨርስ፣ ሮቦት አለመሆኑን ለማረጋገጥ ከሥዕል ላይ የተጣመሙ ፊደሎችን እያየ እንዲጽፍ ተጠየቀ። ሳቀ። «ማየት እንደማልችል ለመንገር ማየት አለብኝ» አለኝ።

ይሄ ጎንደር ላይ መሆኑ ነው የከነከነኝ። የበአታው አቋቋም ምስክር በሆነበት ከተማ ትምህርት በጆሮ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። የቃል ትምህርት ማታ በጨለማ ነው፤ የኔታ ከቃላቸው ይሰጣሉ፣ ተማሪው ይቀበላል። ዓይነ ስውር የቅኔ ወይም የዜማ መምህር ብርቅ አልነበረም። ተማሪው ተነሹን ወዳቂ አድርጎ ካነበበ የኔታ እዚያው ያቆሙታል፣ ያርሙታል። አብነት ትምህርት ቤት ለሁሉም ገነት ነበር እያልኩ አይደለም፤ ቁራሽ ለምኖ መማሩ፣ ውሻው፣ ብርዱ ነበር። ግን የሚሰማው ሰው ስህተቱን የሚናገርበት ቦታ ነበረው።

ኮምፒውተር ላይ ግን ግእዝ ፊደል ራሱ ዘግይቶ ነው የገባው። ዩኒኮድ ፊደላችንን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። ከዚያ በፊት እነ ቪዥዋል ግእዝ የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው ይሠሩ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ይታያል፣ ውስጡ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ለዓይን አማርኛ፣ ለማሽን ጆሮ ትርጉም የለሽ። የሚገርመው፣ ድረ ገጽ ላይ ለሚለጠፍ ሥዕል የጽሑፍ ምትክ እንዲኖረው የሚያዘው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ መመሪያም የወጣው በዚያው 1999 ነው።

ጓደኛዬ የሚጠቀምበትን ኤንቪዲኤን ማይክል ከረን የጀመረው በ2006 ነው፤ ጄምስ ቴ ብዙም ሳይቆይ ተቀላቀለው። ሁለቱም ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን ናቸው፤ የገበያው ሶፍትዌር ውድ ስለነበር ነፃ አደረጉት። ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሰሙት ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው እኮ!

የአማርኛው ድምፅ ግን ገና ነው። ቃሉን ራሱን ውሰዱት፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ «እስካሁን» ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፣ ማሽኑ ይገምታል። የሚያይ ሰው ገጹን ሺህ ጊዜ ቢፈትሽ ይህን ስህተት አያገኘውም። የሚያዳምጥ ሰው መጠየቅ አለበት።

መጠየቁ ደግሞ ውለታ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ይጠራል፤ ብዙም የማይነሣው አንቀጽ 4 ደግሞ መንግሥታት አካል ጉዳተኞችን የሚመለከት ውሳኔ ሲወስኑ ራሳቸውን አካል ጉዳተኞቹን እንዲያማክሩና እንዲያሳትፉ ያስገድዳል። እኔ ለራሴ ከዚህኛው አንቀጽ የበለጠ የሚሠራ የለም ባይ ነኝ።

ጓደኛዬ ስልክ ደወለ። ያነሣው ሰው «አንድ ሰው አያነብልህም?» አለው፤ ክፋት አልነበረውም፣ ግራ ገብቶት ነው። እኛም እንደ ድሮው በወረቀት ማመልከቻ ጽፈን መዝገብ ቤት አስገባን። እስከዚያ የምዝገባው ቀን አልፏል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ማስታወቂያ ወጣ። ከፎቶው ሥር ጽሑፍ አለ! ላፕቶፑ የሥራ መደቡን፣ የትምህርት ደረጃውን፣ ደመወዙን ሳይቀር አነበበ። መጨረሻ ላይ «የምዝገባው ቀን ከላይ በምስሉ ላይ እንደተገለጸው ይሆናል» አለ።

«ወረቀት አለህ?» አለኝ።