በጌታው እጅና በራሱ እጅ፦ የሁዋን ደ ፓሬሃ ሁለት መልኮች

መልኩ በሌላ ሰው እጅ ብቻ የተሣለ ሰው፣ ብሩሹን ራሱ ሲያነሣ ምን ይለወጣል? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

እ.ኤ.አ. በ1650 ዲዬጎ ቬላስኬዝ ሮም ሳለ፣ በባርነት ያገለግለው የነበረውን ሁዋን ደ ፓሬሃን ሣለ። በዚያው ዓመት የነጻነት ሰነድ ጻፈለት፤ ሰነዱ ግን ተጨማሪ የአራት ዓመት አገልግሎት ይጠይቅ ነበር። ሥዕሉ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ያየው የጌታው ዓይን ነው።

በ1661 ነጻው ፓሬሃ ዛሬ በማድሪዱ ፕራዶ ሙዚየም የሚገኘውን «የማቴዎስ መጠራት» ሣለ። በግራ ጠርዝ ራሱን አቁሞ፣ ስሙና ዓመቱ የሰፈረበትን ወረቀት አስያዘው። ስለምን ማቴዎስን መረጠ? በምዕራባውያን ትውፊት ማቴዎስ የኢትዮጵያ ሐዋርያ ነው፤ በዘመኑ በአውሮፓ «ኢትዮጵያዊ» የጥቁር ሕዝብ ሁሉ መጠሪያም ነበር። ስለዚህ ምርጫው የጥቁሮችን ጥንታዊ ክርስትና ለማስታወስ ነው የሚለውን ትርጓሜ እቀበላለሁ።

ይሁን እንጂ በራሱ ሥዕል ፊቱ ከቬላስኬዝ ሥዕል ይልቅ ቀላ ያለና ቀጠን ያለ ነው። ይህን እንደ ክህደት አልቆጥረውም። ራሱን የሣለው ማንነቱን ለሚመዝን ኅብረተሰብ ነበር፤ ብሩሹ የእርሱ ቢሆንም ሚዛኑ የእርሱ አልነበረም።

ሥዕሉን ከመረሳት ካዳኑት አንዱ የፖርቶ ሪኮ ተወላጁ አርቱሮ ሾምበርግ ነው። በ1926 የመጻሕፍት ስብስቡ ለኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሸጥ፣ በገንዘቡ ወደ ስፔን ተጉዞ የፓሬሃን ሥራ ፈለገ። ለእርሱ ሥዕሉ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ የጽሑፍና የእጅ ማስረጃ ነበር።

በ2014 ሴኔጋላዊው ፎቶ አንሺ ኦማር ቪክቶር ዲዮፕ ራሱን በፓሬሃ አምሳል አነሣ። በዚያው ተከታታይ ሥራ ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ በሕንድ ደቡባዊ ደጋ ገዥ እስከ መሆን የደረሰውን ማሊክ አምባርንም ሆነ። የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር ሊያሸንፈው ያልቻለውን አምባርን፣ በተቆረጠ ጭንቅላቱ ላይ ቀስት ሲወረውርበት አሥሎ ነበር። ዲዮፕ ግን ለዚያ ስም ሕያው አካል ሰጠው።

እንግዲህ የታሪክ ተማሪ በማንኛውም የቁም ሥዕል ፊት «ይህ ማን ነው?» ብሎ ብቻ አይለፍ፤ «የሣለው ማን ነው? ለማንስ?» ብሎ ይጠይቅ።