ከለሜዳ

አንዳንድ ቃላት ዓመቱን ሙሉ ተኝተው ከርመው በአንድ ሳምንት ብቻ ይነቃሉ። «ከለሜዳ» ከእነዚህ አንዱ ነው። በሰሙነ ሕማማት፣ ይልቁንም በስቅለት ዓርብ፣ የጌታ መከራ ሲነበብና ሲሰበክ ይሰማል፤ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ግን በገበያም በሸማኔ ቤትም የሚያነሣው የለም። ምእመኑ ከለሜዳ ሲባል በዐይነ ኅሊናው የሚመጣበት ደም የመሰለ ቀይ ልብስ ነው። ቃሉ ሲወለድ ግን የቀለም ስም አልነበረም።

ከለሜዳ ከጽርዕ ቋንቋ የመጣ ነው። ጽርዖች «ክላሚስ»፣ በሌላው የስሙ እርባታ «ክላሚዳ» የሚሉት፣ በትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ የሚያያዝ፣ ቀኝ እጅን ለጦርና ለልጓም ነጻ የሚተው የሱፍ መጐናጸፊያ ነበር፤ የፈረሰኛና የወታደር ልብስ። በአክሱም ዘመን ወንጌል ከጽርዕ ወደ ግእዝ ሲመለስ ተርጓሚዎቹ ይህን እንግዳ ልብስ በአገር ልብስ አልተኩትም፤ ከነስሙ ተቀበሉት። ቀለሙን «ለይ» በሚል በሌላ ቃል ለብቻው ነገሩት። ከዘመን ብዛት «ለይ» ከአማርኛ ተናጋሪው ጆሮ ራቀ፤ መቅላቱም ጌታው እንደሞተበት አሽከር ወደ ጎረቤቱ ቃል ገብቶ አደረ። ከለሜዳ ቀይ የሆነው እንዲህ ነው።

ለይ ከምን ይገኝ ነበር? በሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ በሚበቅሉ የባሉጥ ዛፎች ላይ ከምትጣበቅ ትንሽ ነፍሳት ነው፤ ዐረቦች ቂርሚዝ ይሏታል። ሴቲቱ ተለቅማ ስትደርቅ የእህል ቅንጣት ትመስላለች፤ ስለዚህም ጽርዖች ቀለሙን «ፍሬ» ከሚለው ቃላቸው ሰየሙት። ዕብራውያን ግን የነፍሳቷን ነገር ያወቁ ይመስላል፤ በስሙ ውስጥ «ትል» የሚለውን ቃል አኖሩ።

ከለይ በላይ የከበረ ሌላ ቀለም ነበረ፤ ግእዙ «ሜላት» የሚለው። ይህ ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚወጣ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ጢሮስን በዓለም ያስጠራ ቀለም ነው። በ1909 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ፓውል ፍሪድሌንደር የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ከ12,000 ቀንድ አውጣዎች ያገኘው ቀለም 1.4 ግራም ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ልብስ ማን ይለብሰዋል? ንጉሥ፣ ወይም ንጉሥ ያለበሰው።

እዚህ ላይ ወንጌላውያኑን አስተያይቶ ማንበብ ያሻል። ማቴዎስ የለይ ከለሜዳ አለበሱት ይላል፤ ማርቆስና ዮሐንስ የንጉሡን ቀለም፣ ሜላትን፣ ይጠራሉ። ብዙ ተርጓሚዎች ነገሩን ያስታረቁት እንዲህ ነው፤ በጭፍሮቹ እጅ የንጉሥ ሜላት አልነበረም፤ የነበራቸው የወታደር ቀይ መጐናጸፊያ ነው። እርሱን በሜላት ፈንታ፣ እሾሁን በዘውድ ፈንታ፣ መቃውን በበትረ መንግሥት ፈንታ አደረጉት። አንዱ ወንጌላዊ ልብሱ የነበረውን፣ ሌሎቹ ልብሱ እንዲመስል የተፈለገውን ነገሩን። የዘበቱም ልክ የሚታየው በሁለቱ ቀለማት መካከል ባለው ርቀት ነው።

ይህን ነገር የእኛ አባቶች ለመረዳት ሐተታ አላስፈለጋቸውም። ንጉሥ ጀግናን ካባና ለምድ በሚሸልምበት፣ ሰው ለሹም ሸማውን አደግድጎ በሚቆምበት፣ ባለ ሰፊ ቀይ ጥለቱ ጃኖ የመኳንንት ምልክት በሆነበት አገር ልብስ ንግግር ነው። ከለሜዳ ሲባል የሰሙት የተገለበጠ ሽልማት ነበር፤ ማልበስ ማክበር መሆኑ ቀርቶ ማልበስ ማዋረድ የሆነበት።

በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ ወንጌል ከለሜዳን ትቶ «ቀይ ልብስ» አለ። ትርጕሙ ግልጽ ነው፤ ሕፃንም ይረዳዋል። ነገር ግን ልብሱ ሲቀር ወታደሩ ቀረ፤ ወታደሩ ሲቀር ዘበቱ ተሸፈነ። የቀረልን ቀለሙ ብቻ ነው። ተርጓሚዎቹ ቃል አጥተው ነው እንዳይባል፣ በዚያው መጽሐፍ በኢሳይያስ ምዕራፍ 1 የኃጢአትን መቅላት «አለላ» ብለውታል። አለላ የስፌት እናቶች ለሞሰብና ለሰፌድ ጌጥ የሚነክሩት ባለ ቀለም ሣር ነው። ነቢዩ ቂርሚዝን እያሰበ የተናገረውን የአማርኛው አንባቢ በእናቱ መሶብ ላይ አየው። እንዲህ ያለው ትርጕም ቃል ሲለውጥ ዓለም ይሰጣል፤ «ቀይ ልብስ» ግን ዓለም ወስዶ ቀለም ሰጠን።

ቀይ ደግ ቃል ነው፤ ሁሉን ሲውጥ ግን ያደኸያል። ለይ ከግእዝ ቤት አልወጣም። አለላ ከመሶቡ ጋር እየሳሳ ነው። ሜላት ዕድል ቀንቶት የልጃገረዶች ስም ሆነ፤ «ሜላት!» ብሎ ልጁን የሚጠራ አባት ሳያውቀው የጢሮስን ቀለም ይጠራል። ልጁን ከለሜዳ ብሎ የሚሰይም ግን አይኖርም። ከለሜዳን ያቈየው የቅዳሴና የስብከት አንደበት ነው፤ ያውም ለክብር ሳይሆን ለአንድ ቀን ውርደት መታሰቢያ። በገበያ የረከሰ የወታደር ኩታ፣ ከነገሥታቱ ሐር ሁሉ ይልቅ በመታሰቢያ ጸና።