የእንግጫ አገር ሣርና የእንግሊዙ ማጨጃ

ጳጉሜን ሲገባ በምሥራቅ ጎጃም መስኩ የወጣቶች ነው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች በቡድን እየዘፈኑ ወደ ሜዳ ይወርዱና እንግጫ ይነቅላሉ፤ ጎረምሶች ደግሞ ከሴ የተባለውን ተክል ያጭዳሉ። እንግጫ ማጭድ አይነካውም። የቀጤማ ዘመድ ስለሆነ ከአፈር በታች ያለው ሥሩ ካልወጣ ተመልሶ ይበቅላል፤ ልጃገረዶቹም ከነሥሩ ነው የሚያወጡት። የውጭ አገር የሣር ባለሙያዎች ከዚሁ ዘር አረሞች ጋር ሲታገሉ ይኖራሉ፤ ማጨጃ ማሽን ላዩን ሲቆርጠው ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ የሚረጨውም መድኃኒት ርካሽ አይደለም። የቢቸናና የሞጣ ሴት ልጆች ያንኑ ሥራ በጨዋታ ሲሠሩት ኖረዋል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የሆቴልና የትምህርት ቤት ግቢን ሣር ማልበስ እንደ አዲስ ነገር ይወራል። መስክን መጠበቅና በወቅቱ ማጨድ ግን ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ልዩነቱ ሣሩ የሚታጨደው ለምንድን ነው በሚለው ላይ ነው።

የዛሬው ማጨጃ ማሽን የተወለደው በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተርሻየር፣ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካዎች በበዙበት የስትራውድ አካባቢ ነው። ኤድዊን በዲንግ የተባለ መካኒክ የጨርቅን ፀጉር እየላጨ የሚያስተካክለውን ማሽን አይቶ፣ በተሽከርካሪ በርሜል ላይ የተጠመዘዙ ስለቶች ሣርን ከታች ካለው ብረት ጋር እያጋጩ ቢቆርጡትስ ብሎ አሰበ። የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው። በዚያ ዘመን እኛ በዘመነ መሳፍንት ነበርን፤ በጎጃምም የጎሹ ዘውዴ ስም የገነነበት ወቅት ነው። ከበዲንግ በፊት የእንግሊዝ መኳንንት ሜዳቸውን የሚያስጨዱት እጀታው ረጅም በሆነ ማጭድ፣ ጠሉ ሳይደርቅ በማለዳ ነበር፤ እርጥብ ሣር ለስለት ይመቻልና። አለዚያም በግ ይለቁበታል። ራንሰምስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1832 ከበዲንግ ፈቃድ ወስዶ ማሽኑን ማምረት ጀመረ፤ በ1902 ደግሞ የቤንዚን ሞተር የገጠመለትን ለገበያ አቀረበ። በዚያ አገር ሣር የሚቆረጠው ለዓይን ነበር። የተቆረጠው ይጠረግና ይጣላል።

በቢቸናው እነማይም ሆነ በሞጣው ሁለት እጁ እነሴ የሚጣል ሣር የለም። ጨፌው ክረምቱ ሲከብድ ከከብት ይከለላል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲያባራ ይታጨዳል። አጫጁ ቁጢጥ ብሎ በግራ እጁ አንድ ጭብጥ ይሰበስባል፣ ማጭዱን ወደ ራሱ ይስባል፣ የቆረጠውን በጎኑ ያጋድማል። ከኋላው የሚቀረው የሣሩ ቁመት አራት ጣት ያህል ነው። መስኩ ሰፊ ከሆነ ደቦ ይጠራል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ ሣሩ ሲደርቅ ተከምሮ ድርቆሽ ይሆናል። ሰንበሌጡ ለቤት ክዳን ይቆያል። ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የሚቆጥሩ የአብነት ተማሪዎች ያድሩባቸው የነበሩ ጎጆዎች ክዳናቸው ሣር ነበር፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያው ዲማ ነው። ቆርቆሮ ሲበዛ የሰንበሌጥ ፈላጊ ቀነሰ እንጂ የድርቆሹ አልቀነሰም።

ከጨፌው ሽቅብ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ጓሳ የተባለው ሣር ይገኛል። ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያ፣ እረኛው ዝናብ ለሚከላከልበት ገሳም ይሆናል። ስለ ጓሳ አጠባበቅ በደንብ የተጻፈው ግን በጮቄ ሳይሆን በመንዝ ነው። እዚያ የአስቦና የጌራ ተወላጆች 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋውን የጓሳ መስክ ለ400 ዓመታት ያህል በጋራ ሕግ ጠብቀውታል። መስኩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ቀኑ ታውጆ ሲከፈት ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር፤ ቀድሞ የገባ ይቀጣ ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያነሣ ነው፤ የጠባቂዎቹም ሥልጣን ከርስቱ ጋር ሄደ። በጎጃምም ከዚያ ወዲህ የወል ግጦሽ እየተሸረፈ ለእርሻና ለባሕር ዛፍ ሆኗል።

ሞጣ አንድ ሌላ ዓይነት መስክ ነበራት፤ የአውሮፕላን ማረፊያ። ከተማዋ በዓለም አቀፉ የማረፊያዎች ዝርዝር ውስጥ ኦቲኤ የሚል መለያ አላት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 በረራ ሲጀምር የያዛቸው ዳግላስ አውሮፕላኖች አስፋልት አይጠይቁም፤ ሣርና ደረቅ አፈር ይበቃቸዋል። የክፍለ አገር ከተሞችን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኙትም በዚህ ባሕርያቸው ነው። እንዲህ ባሉ ማረፊያዎች ሣሩን ዝቅ አድርጎ የሚያቆየው በአብዛኛው የከብት ጥርስ ነበር፤ አውሮፕላን ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ መንጋውን ማባረር ነበር። የእንግሊዝ መኳንንት በጎቻቸውን ከለቀቁበት ዘዴ በምን ይለያል?

አሁን ወደ ሣሩ ዘር እንምጣ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ የተመኘችው የማይሆን ነገር ነው፤ ሰርዶ በቀላሉ የሚጠፋ ሣር አይደለም። በምድር ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰድዳል፤ ቢረግጡት፣ ቢግጡት፣ ቢያጭዱት ይመለሳል። የዓለም ስታዲየሞች ይህን ጠባዩን ወደውታል። የሰርዶና የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ዲቃላ የሆነው፣ በአሜሪካ ጆርጂያ፣ በቲፍተን የእርሻ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ቲፍዌይ 419 በብዙ አገር የኳስ ሜዳ ላይ ተነጥፏል። ሌላው ኪኩዩ የሚባለው ነው። ስሙን ከኬንያው ሕዝብ ያግኝ እንጂ የኢትዮጵያ ደጋም አገሩ ነው። በሎስ አንጀለስ ታዋቂ የጎልፍ ሜዳዎች ላይ ይወደሳል፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ደግሞ በጎጂ አረም ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እኛ በበኩላችን በ2014 ዓ.ም. ከሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የባሕር ዳር ስታዲየም በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) መስፈርት ወድቆ፣ ብሔራዊ ቡድናችን ጋናን በጆሃንስበርግ «አስተናግዶ» 1 ለ 1 ወጣ። የሰርዶ አገር ሰው በሰው ሜዳ!

ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ ሁለቱም ሣሮች ይስማሟቸዋል፤ ብርዱን የበለጠ የሚችለው ኪኩዩው ነው። ፈተናው አፈሩ ነው። በቢቸና ዙሪያ የተንጣለለው ጥቁር መሬት ክረምት ላይ ያብጣል፣ ውኃ ያቁራል፤ በጋ ላይ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ተጠቅልሎ የመጣ ሣር በላዩ ላይ ቢዘረጋ ስንጥቁ ይበጣጥሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ውኃ መውረጃ ቦይ ይቀደዳል፤ ቀጥሎ አሸዋ የተቀላቀለ ቀይ አፈር አንድ ስንዝር ያህል ይደለደላል። ከዚያ ሣሩን እንደ ምንጣፍ ከማንጠፍ ይልቅ ቁርጥራጩን ሰኔ ላይ በመስመር መትከል ይሻላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል፤ መስከረም ላይ መሬቱን ይሸፍናል።

ማጨጃውን በተመለከተ፣ ሻጮች ቀድመው የሚያሳዩት የሚቀመጡበትን ባለ ወንበር ማሽን ነው። በጥቁር አፈር ላይ ክረምት ሲሄድበት ጎማው ቦይ ያወጣል፤ እኔ ለዚህ አገር አልመክረውም። ለአንድ ግቢ የበዲንግን ንድፍ የሚከተለው፣ በእጅ የሚገፋውና ነዳጅ የማይጠጣው ይበቃል፤ ግን ሣሩ ሳይረዝም በየሳምንቱ መግፋት ይጠይቃል። ባለ ሞተሩ ከሥር በሚሽከረከር ቢላ የሚመታው ነው፤ የረዘመውንም ያወርዳል፤ ቢላው ሲዶለዱም ግን ሣሩን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፣ ጫፉም በማግሥቱ ይነጣል። በየትኛውም ማሽን ቢሆን ደንቡ በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት ሲሶ በላይ አለመቁረጥ ነው። በትከሻ የሚንጠለጠለው፣ በፕላስቲክ ክር የሚቆርጠው ለቦይ ዳርና ለዳገት እንጂ ለመስክ አልተሠራም፤ ሣሩን አመድ አድርጎ ይበትነዋል።

መበተኑ እዚህ ኪሳራ ነው። በብዙ ግቢ እስከ ዛሬ ድረስ ለአጫጁ ገንዘብ አይከፈልም፤ ላም ያለው ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ ያጭዳል፣ ሸክሙን አስሮ ይሄዳል። ሣሩ ራሱ ክፍያው ነው። ማሽን ሊገዛ ያሰበ የግቢ ኃላፊ የቤንዚኑን፣ የመለዋወጫውንና የሠራተኛውን ወጪ ከዚህ ጋር ማስላት ይኖርበታል፤ ዘይት የነካውን የተፈጨ ሣር ላሟ አትቀምሰውም።