የፊልም ቀረጻ ሠራተኞች፦ ውል፣ የሥራ ሰዓትና የኅብረት ድርድር በዮርዳኖስ

የፊልም ሠራተኛ ሲባል በቅድሚያ የሚታወሰው ተዋናዩና ዳይሬክተሩ ነው። እዚህ የሚነሡት ግን ከካሜራው ጀርባ ያሉት ናቸው፤ መብራት የሚተክሉ፣ ድምፅ የሚቀዱ፣ አናጺዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ሾፌሮች፣ ምግብ አብሳዮችና የቀረጻውን ስፍራ በሌሊት የሚጠብቁ ሰዎች። ፊልሙ ሲጀመር ይቀጠራሉ፣ ሲያልቅ ይበተናሉ። አሠሪያቸውም ብዙ ጊዜ ለዚያው አንድ ሥራ የተቋቋመ ድርጅት ስለሆነ፣ ሥራው ሲጠናቀቅ አብሮ ይዘጋል። የሥራ ሕጎች በአብዛኛው የተጻፉት ቋሚ አሠሪና ቋሚ የሥራ ቦታ ላለው ሠራተኛ ነው። የፊልም ሠራተኛ ችግር የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ዮርዳኖስ ለውጭ ፊልም ሠሪዎች አዲስ አገር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1962 ለዕይታ የበቃው «ሎረንስ ኦቭ አረቢያ» በከፊል የተቀረጸው በዋዲ ረም በረሃ ነበር። በ1989 የወጣው ሦስተኛው የ«ኢንዲያና ጆንስ» ፊልም ፔትራን ለዓለም ተመልካች አሳየ። ከዚያ በኋላ «ዘ ማርሺያን» እና «ዱን» ዋዲ ረምን የሌላ ፕላኔት መልክ ሰጡት። በ2003 የተቋቋመው የሮያል ፊልም ኮሚሽን በአገሪቱ ውስጥ ገንዘብ ለሚያወጡ አምራቾች ከወጪያቸው ከፊሉ የሚመለስበትን አሠራር ያስፈጽማል። በዚህም ሳቢያ ሥራው የጥቂት ከዋክብት ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ የብዙ አገር በቀል ባለሙያዎችና የቀን ሠራተኞች እንጀራ ሆኗል።

ወሬው በምዕራብ አማን፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ዱዋር አቅራቢያ ወዳለው ኡም ኡዘይና ሰፈርም መድረሱ አይቀርም። በመኖሪያ ቤቶች፣ በሆቴሎችና በቢሮዎች የሚሠራ አማርኛ ተናጋሪ «ለፊልም ሰው ይፈለጋል» የሚል ጥሪ ቢሰማ፣ አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የቃል ጉዳይ ነው። ዐረብኛው «ኒቃባ» በአማርኛ ሁለት ትርጉም ይይዛል፤ የሙያ ማኅበርም ነው፣ የሠራተኛ ማኅበርም ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የዮርዳኖስ አርቲስቶች ኒቃባ የሙያ ማኅበር ሲሆን፣ የአባላቱን የሙያ ደረጃና ፈቃድ ይመለከታል። ከአሠሪ ጋር ስለ ደመወዝና ስለ ሰዓት ተደራድሮ የኅብረት ስምምነት የመፈራረም ሥልጣን የተሰጠው በሥራ ሕጉ መሠረት ለተመዘገበ የሠራተኛ ማኅበር ነው። በ1954 በተመሠረተው የዮርዳኖስ ሠራተኛ ማኅበራት ጠቅላላ ፌዴሬሽን ሥር ያሉት ማኅበራት 17 ናቸው፤ በዘርፍ የተከፋፈሉ ሲሆኑ፣ ፊልም በራሱ ስም የቆመ ማኅበር የለውም። ስለዚህ «ኒቃባ አለ» የሚል መልስ ያገኘ ሰው «የትኛው?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው።

የማኅበር አለመኖር ምን እንደሚያስከትል በሥራ ሰዓት ጉዳይ ላይ በግልጽ ይታያል። በ1996 የወጣው የሥራ ሕግ ቁጥር 8 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል። ሳምንታዊው ሰዓት ተደልድሎ አንድ ቀን እስከ 11 ሰዓት እንዲደርስም ይፈቅዳል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በሠራተኛው ፈቃድ የሚሠራ ሆኖ ክፍያው ከመደበኛው ዋጋ ከ125 በመቶ አያንስም፤ በሳምንታዊ ዕረፍትና በበዓል ቀን ከሆነ ደግሞ ከ150 በመቶ አያንስም። እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነው። ነገር ግን አንቀጽ 58 ድርጅቱን የሚመሩና የሚቆጣጠሩ ሰዎችን፣ እንዲሁም በአንዳንድ ሁኔታ ከድርጅቱ ውጭ የሚሠሩትን ወይም ሥራቸው በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ መዘዋወርን የሚጠይቅባቸውን ከሰዓት ገደቡ ውጭ ያደርጋል። ከአማን ተነሥቶ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዋዲ ረም የሚሠራ መብራት ተካይ ከየትኛው ወገን ነው? አሠሪው «ተዘዋዋሪ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። የኅብረት ስምምነት ባለበት ግን ይህን ክርክር በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ይቻላል፤ የጉዞው ጊዜ ከሥራ ሰዓት እንደሚቆጠርና በሁለት የቀረጻ ቀናት መካከል ስንት ሰዓት ዕረፍት እንደሚሰጥ መጻፍ ይበቃል።

ይህ የዕረፍት ሰዓት ጉዳይ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ1997 በአሜሪካ «ፕሌዘንትቪል» በተባለው ፊልም ላይ ይሠራ የነበረ የካሜራ ረዳት 19 ሰዓት ሠርቶ ወደ ቤቱ ሲነዳ በመኪና አደጋ ሞተ። በጥቅምት 2021 በኒው ሜክሲኮ ግዛት የሲኒማቶግራፊ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ በቀረጻ ስፍራ በጥይት ከመሞቷ ጥቂት ሰዓታት በፊት፣ የካሜራ ክፍሉ ሠራተኞች ስለ ማደሪያቸው ርቀትና ስለ ሥራ ሁኔታቸው ቅሬታ አቅርበው ሥራቸውን ጥለው ወጥተው ነበር።

በዚያው ወር ከአምራቾች ጋር በተደረገው ድርድር ዋነኛ ከነበሩት ነጥቦች አንዱም ይኸው ዕረፍት ነበር። በ1893 የተመሠረተውና በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «አያትሲ» የሚባለው የመድረክና የፊልም ቴክኒክ ሠራተኞች ማኅበር ለ60,000 ያህል አባላት የሥራ ማቆም ድምፅ አሰጠ፤ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆኑት ድምፅ ሰጪዎች ደገፉት። አድማው ጥቅምት 18 ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ስምምነት ተደረሰ። በዕለታዊ ሥራ መካከል የ10 ሰዓት፣ በሳምንት መጨረሻ የ54 ሰዓት ዕረፍትና በዓመት የ3 በመቶ ጭማሪ ተገኘ። አባላቱ ግን በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም። በዋናው የምዕራብ ጠረፍ ስምምነት ላይ ከአባላቱ ድምፅ በጥቂት የበለጠው ተቃውሞ ነበር፤ ውሉ የጸደቀው ቆጠራው በወኪሎች ስለሆነ ነው። በ2024 የተደረገው ቀጣይ ድርድር በሦስት ዓመት ውስጥ 7፣ 4 እና 3.5 በመቶ ጭማሪ አስገኘ፤ ከ15 ሰዓት በላይ ለሚሠራ ሰውም የሦስት እጥፍ ክፍያ ወሰነ። ይህ ሁሉ የተቻለው ማኅበሩ የሚደራደረው ከአንድ ፊልም ጋር ሳይሆን ከአምራቾቹ ኅብረት ጋር በመሆኑ ነው። ፊልሙ ቢያልቅም ውሉ ይቀጥላል።

በዮርዳኖስ ሕግ የጋራ የሥራ ክርክር ሲነሣ በመጀመሪያ በሚኒስቴሩ የሚሰየም አስማሚ ይመለከተዋል፤ የሚሰጠው ጊዜ 21 ቀን ነው። ካልተሳካ ጉዳዩ ወደ አስማሚ ጉባኤ ያልፋል፤ ለዚያም 21 ቀን አለ። ከዚያ በኋላ የሠራተኛ ፍርድ ቤት ይከተላል። አድማ ለማድረግ ደግሞ አሠሪው ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ ማስታወቂያ ሊደርሰው ይገባል፤ ክርክሩ በአስማሚ ወይም በፍርድ ቤት እጅ ሳለም አድማ ክልክል ነው። ለፋብሪካ ይህ ምክንያታዊ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ለስድስት ሳምንት ቀረጻ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ሲያልቁ ድንኳኑ ተነቅሏል። በፊልም ሥራ ድርድር የሚጠቅመው ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ሲደረግ ነው።

የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለንጽጽር ይጠቅማል። በኢትዮጵያ 10 ሠራተኞች ማኅበር መመሥረት ይችላሉ፤ በዮርዳኖስ ቢያንስ 50 መሥራቾች ያስፈልጋሉ። ዮርዳኖሳዊ ያልሆነ ሠራተኛ ከ2010ሩ ማሻሻያ ወዲህ የማኅበር አባል መሆን ይችላል፤ መሥራችና መሪ መሆን ግን አልተፈቀደለትም።

ለአማርኛ ተናጋሪው ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን የሥራ ፈቃዱ ነው። ፈቃዱ የተያያዘው ከተመዘገበበት አሠሪ ጋር ስለሆነ፣ በዕረፍት ቀን ለሁለት ቀን ቀረጻ መሄድ ቀላል ቢመስልም በሕግ ፊት ለሌላ አሠሪ መሥራት ነው፤ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ጥሪው ከመጣ «ፈቃዱን ማን ያወጣል?» የሚለው ጥያቄ ከክፍያው በፊት መነሣት አለበት።

በሕጋዊ መንገድ የተቀጠረ ሰው በቀን ሒሳብ ቢከፈለውም በወር 16 ቀንና ከዚያ በላይ ከሠራ፣ በ2014 በወጣው ሕግ መሠረት ዜግነቱ ሳይለይ በማኅበራዊ ዋስትና ይመዘገባል። ደመወዝም ከሚከፈልበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የጽሑፍ ውል ባይኖርም ሠራተኛው መብቱን በማንኛውም ማስረጃ ማስረዳት እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል። በፊልም ሥራ ደግሞ ማስረጃው በየማታው በእጅ ይገባል፦ የነገ መነሻ ሰዓት፣ ቦታና የሠራተኞች ስም የሚጻፍበት የጥሪ ወረቀት፣ ብዙ ጊዜም በስልክ የሚላክ። ያን ወረቀት ከተሳፈሩበትና ከተመለሱበት ሰዓት ጋር ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ከሥራ ሕጉ የሚመነጭ ጥያቄ ከተነሣበት ምክንያት ጀምሮ ሁለት ዓመት ካለፈው ፍርድ ቤት አይቀበለውም።